ምጣዱ ስንት አምፖል ነው?

በደንቢያ፣ ቆላ ድባ ከተማ የምትኖረው እናቴ ከአልጋዋ ራስጌ ባለው ሣጥን ውስጥ የምታስቀምጠው አንድ ደብተር አላት። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብዷል፤ ጠርዙ ላይ የአብሲት ጠብታ ደርቆበታል። በየገጹ አናት የወሩ ስም አለ። ከሥሩ ተከራዮቿ በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው ተዘርዝረዋል፦ መምህሩ፣ ሸማኔው፣ ነርሷ፣ ጨው ነጋዴዋ። ከእያንዳንዳቸው ትይዩ በእርሳስ የተሣለ ክብ ይታያል። አንድ ክብ አንድ አምፖል ነው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈት ስለሚያደክማት አምፖሉን ትሥለዋለች።

የመብራት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቤተ መንግሥትና ከግድብ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የመብራት ዋጋን ታሪክ ከዚህ ደብተር ልጀምረው።

በእኛ ከተማ መብራት የሚገባው ለቤት ሳይሆን ለግቢ ነበር። ቆጣሪው ከባለቤቲቱ በር ጎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከእሱ የተነሣው ሽቦ በቆርቆሮው ሥር እየተሽሎከለከ አራት አምስት ክፍል ያዳርሳል። ተከራይ ዛሬ አለ፤ ነገ ወደ አዘዞ ወይም ወደ ጎርጎራ ይዛወራል። ቆጣሪ ግን ከቤቱና ከባለቤቱ ጋር የሚቀር ነው። ስለዚህ ደረሰኙ አንድ፣ ከፋዩ አምስት ይሆናል። መዋጮው በምን ይሰፈር ሲባል መልሱ በአምፖል ነበር። ቴሌቪዥን ያለው አንድ ነጥብ ይጨመርበታል፤ ሬዲዮ በነፃ ይታለፋል። ይህን ማንም አልደነገገው፤ ግን ከእኛ ግቢ ጎን ያለውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ቤታችን መብራት የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ በፊት የነበረው ኩራዝ ነው። ላምባ በጠርሙስ ከሱቅ ይመጣል፤ እናቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ስንት ማታ እንደቀረው ታያለች። ላምባ የሚያሻማ ነገር የለውም፤ የተገዛው ይታያል፣ ሲያልቅም ይታያል። መብራት ሲገባ ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ግን ያቺ ወደ ብርሃን ተነሥታ የምትታይ ጠርሙስ አብራ ቀረች። ስንት እንደበላን የምናውቀው ወሩ ካለፈ በኋላ፣ ደረሰኙ ሲመጣ ሆነ።

እርግጥ ብርሃኑ ራሱ ወደ አገሩ የገባው ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በ1890 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት በጀነሬተር በርቷል። እስከ ዛሬ ሰው “መብራት ኃይል” የሚለው ስም የመጣው በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነው። እኛን የጣና ዳርቻ ሰዎች ይበልጥ የሚመለከተን ግን ከሐይቃችን የወጣው ኃይል ነው። ባሕር ዳር ላይ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተመረቀ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ከፏፏቴው አጠገብ ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ ሥራ ጀመረ። አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነበር። ከዚያ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. በር ተሠራለት፣ በ1993 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ የጣና ውሃ ወደ ዓባይ የሚወርደው በሰው እጅ ተለክቶ ሆነ።

እኛ ደንቢያዎች ይህን ያወቅነው ከውሃው ነው። በ1995 ዓ.ም. ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጣና ክፉኛ ጎደለ። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ ለማመንጫው የተለቀቀውም ውሃ በዝቶ ነበር። ጀልባዎች መንቀሳቀስ አቃታቸው፣ ደንገሉ ከውሃው ርቆ ደረቀ። አጎቴ ጎርጎራ አካባቢ ዓሣ አጥማጅ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ውሃው በሸሸበት ዋልካ ላይ ሽምብራ ሲዘራ አይቼዋለሁ፤ ታንኳው ከማሳው ጫፍ ተገልብጣ ነበር። የዚያን ጊዜ እኛ ቤት ገና ኩራዝ ነው። የጣናን መብራት ሳናበራው ጉድለቱን አየነው። ስለ መብራት ዋጋ ሲወራ ያቺ የተገለበጠች ታንኳ ሁልጊዜ ትታወሰኛለች።

ወደ ደረሰኙ ልመለስ። በልጅነቴ የነበረው ታሪፍ የ1998ቱ ነው። በእርከን የተሠራ ነው፦ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ በ0.2730 ብር፣ ቀጣዩ 50 በ0.3564፣ ከዚያ እስከ 200 ያለው በ0.4993፤ እንዲህ እያለ ከ500 በላይ 0.6943 ይደርሳል። በዚህ ላይ የወር የአገልግሎት ክፍያ አለ። የእርከኑ ሐሳብ ጥሩ ነው። አንድ አምፖል ለሚያበራ ድሃ ርካሽ ይሁን፣ ብዙ የሚጠቀም ይበልጥ ይክፈል ነው። ሐሳቡ ግን አንድ ቆጣሪ አንድ ቤተሰብ ነው ብሎ ይነሣል።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ መምህሩ ተከራያችን ባለ 60 ዋት አምፖሉን አውጥቶ ባለ 11 ዋት ቆጣቢ አምፖል አስገባ። የዚያን ሰሞን ቆጣቢ አምፖል በየከተማው በአሮጌው ይለወጥ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ለሒሳብ ተሰበሰቡ።

“እትዬ፣ የእኔዋ አምስት እጥፍ ያነሰ ነው የምትበላው፤ ትንሽ ይቀነስልኝ” አለ።

“አምፖል አምፖል ነው፣ ልጄ። የአንዱን ብቀንስ የሌላውን ምን እላለሁ?” አለች እናቴ።

እኔ በዚያው ሳምንት በፊዚክስ ኃይል በሰዓት ሲባዛ ምን እንደሚሆን ተምሬ ነበር። በማግስቱ የመምህሩን ሰዓት ተውሼ ቆጣሪው ሥር በርጩማ ላይ ቆምኩ። የድሮው ቆጣሪ መስተዋት አለው፤ በውስጡ አግድም የተኛች ስስ የብረት ሳህን ትዞራለች፤ ጠርዟ ላይ አንዲት ቀይ ጭረት አለች። ግቢው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ባለ 60 ብቻ ሲበራ ቀይዋ ጭረት ደርሳ ለመመለስ ሁለት ደቂቃ ገደማ ፈጀባት። በቆጣቢዋ ሳበራው ደግሞ ሳህኗ የቆመች እስክትመስለኝ ድረስ ጠበቅሁ። መምህሩ ልክ ነው ብዬ ልወርድ ስል እናቴ ምጣዷን ሰካች።

ሳህኗ በረረች። በየሁለት ሰከንዱ ቀይ ጭረት ብልጭ ይላል። ከበርጩማው ላይ ሆኜ ወደ ማዕድ ቤቱ አየሁ፤ እናቴ ምጣዱን በጎመን ዘር እያሰሰች ነው።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጥ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ትጋግራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ ስለዚህ አንድ ጋገራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 60 አምፖል በየማታው አራት ሰዓት ቢበራ በወር 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስሌቱን በወረቀት ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። የእናቴ አንድ ጋገራ የሸማኔው የወር መብራት ነበር።

መምህሩ አምፖሉን ከመቀየሩ በፊት የነበረውን ወር ደረሰኝ አወጣሁ። 60 ብር ገደማ ነው። በደብተሩ ነጥቡ ስምንት ነበር፤ የተከራዮቹ አራት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን፣ የእኛ ሁለት አምፖል፣ ምጣዱ ደግሞ እንደማንኛውም ዕቃ አንድ። ለነጥቡ 7 ብር ከ50 ሳንቲም። ተከራዮቹ በድምሩ 37 ብር ከ50 ከፍለዋል። በኪሎዋት ሰዓት ሲሰላ ግን አራቱም ተደምረው የተጠቀሙት የግቢውን ሩብ ነው፤ ድርሻቸው ወደ 15 ብር ይሆናል። እናቴ እንዲህ መሆኑን አታውቅም ነበር። እኔም ልንገራት አልንገራት ብዬ ሁለት ቀን ተጨነቅሁ።

ስነግራት ዱቄት የነካው እጇን እንደዘረጋች ቆመች። “የሰው ገንዘብ ስበላ ኖሬአለሁ በይኛ” አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ቅዳሜ ማታ ተከራዮቹን ጠርታ ጠላ ቀዳች፣ ወረቀቱን ለእኔ ሰጥታ አንብቢ አለችኝ። ስጨርስ ሸማኔው ዋንጫውን አስቀምጦ፣ “እትዬ፣ ያን እንጀራ ስንበላ የኖርን እኛ አይደለን እንዴ?” አለ። ነርሷም እንዲሁ “ይተዉት” አለች። እናቴ ግን አልተወችውም።

“ምጣዱ ስንት አምፖል ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“አሥራ ሦስት” አልኳት።

በሚቀጥለው ገጽ ከምጣዱ ትይዩ አሥራ ሦስት ክቦች ተሣሉ። የግቢው ነጥብ ሃያ ሆነ፤ አንድ ነጥብ ከ7 ብር ከ50 ወደ 3 ብር ወረደ። የመምህሩ ቆጣቢ አምፖል ደግሞ ሩብ ነጥብ ሆነች፤ እናቴ ክቡን በመስቀል ከፍላ አንዱን ሩብ ብቻ አጠቆረችው። ያ ገጽ አሁንም አለ።

ለተማሪዎቼ ይህን ስነግር እናቴ በኋላ ቀርነት በአምፖል ትቆጥር ነበር እንዳይሉ እጠነቀቃለሁ። በመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ዓመታት በብዙ አገር ኩባንያዎች ራሳቸው በአምፖል ቁጥር ያስከፍሉ ነበር። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒው ዮርክ ውስጥ ማመንጫ ሲከፍት የደንበኛውን ፍጆታ ያወቀው በፈሳሽ ውስጥ በተነከረ የዚንክ ዝርግ ነው፤ ሠራተኛ እየመጣ ዝርጉን ወስዶ ይመዝነው ነበር። የማይታይን ነገር ለመስፈር ሁሉም በሚያየው ነገር ጀምሯል።

የኋላው ታሪክ አጭር ነው፤ ክብደቱ ግን ትልቅ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ በ460 ሜጋዋት ተመረቀ፤ የሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወረደ። ታሪፉ ግን ከ1998 እስከ 2011 ድረስ ሳይነካ ቆየ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ወጣ። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው በ0.2730 እንዲቆይ ተደረገ። ከ101 እስከ 200 ያለው በመጨረሻው ዓመት 1.6250፣ ከ500 በላይ ያለው 2.4810 ደረሰ። በድሮው ታሪፍ የላይኛው እርከን የታችኛውን ሁለት እጥፍ ተኩል ነበር፤ በአዲሱ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ።

በእናቴ ግቢ ላይ ይህ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። በ2003 ዓ.ም. አንድ አምፖል በታችኛው እርከን ብቻ ቢሰላ በወር 2 ብር ገደማ ነበር፤ እኛ ጋ ከነአገልግሎት ክፍያው 3 ብር መጣ። ያኔ በአንድ ቆጣሪ መኖር ብዙ አይጎዳም። በየቤቱ ቆጣሪ ቢገባ የየራሱ የአገልግሎት ክፍያ አለውና ነገሩ ይቻቻላል። እርከኑ ሲራራቅ ግን ግቢው 140 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ሲደርስ የሸማኔው አምፖል በየትኛው እርከን ላይ ናት? ቆጣሪው አይለይም። ለአንድ አምፖል ሰው ተብሎ የተጠበቀው 0.2730 ብር፣ አንድ አምፖል ብቻ ለሚያበራው ለዚያ ሰው አልደረሰውም፤ በሌላ ሰው ቆጣሪ ውስጥ ነውና የሚኖረው። እኔ የምለው ይህን ነው። የታሪፍ ሠንጠረዥ ሲወጣ ከአንድ ቆጣሪ ጀርባ ስንት ምድጃ እንዳለ ይቆጠር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር፣ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ታሪፍ መጥቷል። ጥያቄው በየሩብ ዓመቱ እየከበደ ይሄዳል።

እኔ አሁን ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ አስገብታለች፤ የየራሳችንን ኪሎዋት ሰዓት እናውቃለን፤ እርከኑ ግን የጋራ ነው።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ግቢው ውስጥ አዲስ የገቡት ባልና ሚስት ፍሪጅ አመጡ።

“ፍሪጅ ስንት አምፖል ነው?” አለችኝ።

“ዓይነቱን ሳላይ አልናገርም፣ እማዬ። ቆጣሪውን እዪ።”

“ይሄ አዲሱ እኮ ሳህን የለውም።”

“ቀይ መብራት ብልጭ የምትል አለችው። ሌላውን ሁሉ አጥፊና ፍሪጁ ብቻ ይቅር። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ።”

ስልኩን ሳትዘጋ ወጣች። በሩ ሲከፈት፣ በርጩማው ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፦ አንድ... ሁለት... ሦስት...