ምድርን ሳይቈፍሩ መመርመር

የአውሮፓ ማዕድን ፈላጊ ለብዙ ዘመናት ይታመን የነበረው በእጁ በያዘው ባላ እንጨት ነበረ፤ ከበታቹ ብር ወይም መዳብ ሲኖር እንጨቱ በራሱ ወደ ምድር ያዘነብላል ይባል ነበርና። ጀርመናዊው ሊቅ አግሪኮላ ግን በ1556 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በታተመው መጽሐፉ፣ ልማዱን በዝርዝር ከገለጸ በኋላ፣ አስተዋይ የማዕድን ሰው ባላውን ትቶ በምድር ገጽ የሚታየውን የተፈጥሮ ምልክት ይከተል ዘንድ መክሯል። ስዊድኖችም በ17ኛው መቶ ዓመት የብረት ማዕድንን በኮምፓስ መርፌ መፈለግ ጀመሩ፤ መዳብ ለሚሻ ሰው ግን መርፌው እምብዛም አልጠቀመም።

በ1830 እንግሊዛዊው ሮበርት ፎክስ በኮርንዎል ጉድጓዶች ውስጥ የመዳብ ማዕድን ራሱ ደካማ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ጽፎ ነበር። ይህን ሥውር ነገር መደበኛ ጥበብ ያደረገው ግን በፓሪስ የማዕድን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር የነበረው ኮንራድ ሽሉምበርዤ ነው፤ እርሱም በ1911 በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ አሸዋ በተሞላ የመዳብ ገንዳ ውስጥ ብረት እየቀበረ፣ ኤሌክትሪክ እየላከበት፣ እኩል ቮልት ያላቸውን ነጥቦች በመስመር ያያይዝ ጀመር። መልካም አስተላላፊ ማዕድን ከሥር ካለ መስመሩ ተገቢ ቅርጹን ለቆ ይጣመማልና፣ በ1912 በኖርማንዲ፣ በቫል ሪሼ በተባለው የቤተ ዘመዶቹ ርስት ላይ ይህንኑ በሜዳ ፈትኖ ካርታ ሣለ።

ወደ ማዕድን ስፍራ በሄደ ጊዜ ግን እርሱ ያልላከው ኤሌክትሪክ ልኬቱን ያውክበት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያውን ይረግም ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ኮንራድ ግን ሁከቱን ራሱን መረመረ። ድኝ ያለበት ማዕድን በላይኛው ጫፉ ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ባትሪ ይሆናል፤ ይህን ለመለካት ደግሞ ዕራቁት የብረት ዘንግ አይበቃም፣ ዘንጉ ራሱ ሐሰተኛ ቮልት ይወልዳልና። ስለዚህ የመዳብ ዘንግ፣ የመዳብ ሰልፌት ውሃ በያዘ፣ ውሃውን በዝግታ በሚያሳልፍ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ተከለ። በዚህም ዘዴ በ1913 በሰርብያ፣ በቦር፣ የመዳብ ማዕድን አገኘ።

ከዚህ በኋላ ጦርነት መጣና ሥራው ተቋረጠ። በ1919 አባቱ ጳውል ለእርሱና ለወንድሙ ለማርሴል 500,000 ፍራንክ መድቦ፣ ከትርፍ ይልቅ ሳይንስን እንዲያስቀድሙ በውል አሰራቸው፤ በእኔ ዳኝነት ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የከበረው ይህ ውል ነው። በመስከረም 1927 በአልዛስ፣ በፔሼልብሮን፣ ረዳቶቻቸው የመለኪያውን ሽቦ ወደ ነዳጅ ጉድጓድ አውርደው በየሜትሩ እየቆሙ ልኬቱን በእጅ ሲጽፉ፣ የቤተሰቡ ስም ከመዳብ ወደ ነዳጅ ዘይት ተሻገረ።