ስለ «ቤት» ቃል አመጣጥና ትርጉም

1. መነሻ

ከዳንግላ ወደ መራዊና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአቸፈር ምድር፣ ዱርቤቴ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ስሟን ጸሐፊው እንደ አንድ ቃል አያይዞ ይጽፈዋል፤ ተሳፋሪውም እንደ አንድ ቃል ይጠራዋል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን ስሙ አንድ ቃል ሳይሆን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዱር ቤቴ ነው» የሚል ሰው ንግግር ነው። ከቡሬ በስተምሥራቅ የምትገኘው የፍኖተ ሰላም ስም በግዕዝ የዘርፍ አገባብ የተሠራ ጥምር ስም ሲሆን፣ የዱርቤቴ ስም ግን በገበሬው አማርኛ የተነገረ ቃለ ሰው ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ስም ውስጥ ባለችው «ቤት» በተባለችው አጭር ቃል ላይ ነው። ቃሏ ሦስት ድምፆች ብቻ አሏት። ይሁን እንጂ በሴም ቋንቋዎች ከአራት ሺ ዓመት በላይ የተጻፈ ታሪክ አላት፤ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎችም በተለያየ በር ገብታለች። አመጣጧን ከመረመርን በኋላ፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለስያሜ ሠሪ የምትሰጠውን ትምህርት ለማመልከት እንሞክራለን።

2. በሴም ቋንቋዎች

ቃሏ በአካድኛ «ቢቱ»፣ በዕብራይስጥ «ባይት» (በዘርፍ ሲያያዝ «ቤት»)፣ በአራማይክ «ባይታ»፣ በዐረብኛ «በይት»፣ በግዕዝ «ቤት» ናት። በዑጋሪትና በፊንቄ ጽሕፈት አናባቢ ስለማይጻፍ «ብት» ተብላ ትገኛለች። ከአገራችን የሴም ቋንቋዎች መካከል ትግርኛ «ቤት»ን ከ«ገዛ» ጋር ጎን ለጎን ይዟታል፤ ሐረሪ ግን «ጋር» በሚለው ቃል ይገለገላል። የኩሽ ቋንቋዎች የሆኑት አውኚና ኦሮምኛ ለቤት የየራሳቸው ቃል አላቸው፤ የኦሮምኛው «መነ» ነው።

ከስሙ ጋር ተያይዞ የሚገኝ ግስም አለ። በግዕዝ «ቤተ»፣ በዐረብኛ «ባተ» ማለት አደረ፣ ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ነው። ስሙ ከግሱ ወጣ ወይስ ግሱ ከስሙ በሚለው ነጥብ ላይ ሊቃውንት አንድ አይደሉም። የሁለቱ አብሮ መገኘት ግን ለትርጉም ጥናት ይበቃል፤ የሴም ቋንቋ ተናጋሪዎች ቤትን የሚያስቡት ሰው የሚያድርበት ስፍራ አድርገው እንደሆነ ያሳያልና።

ይህንኑ የሚያጸና ማስረጃ ከራሱ ከአማርኛ ይገኛል። በግዕዝ «ኀደረ» ማለት ኖረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው፤ «ማኅደር» የሚባለው መኖሪያም ከዚሁ ይወጣል። በአማርኛ ይኸው ግስ «አደረ» ሆነና ሌሊትን ማሳለፍን ይገልጻል፤ ከእርሱም «ማደሪያ» ወጣ። መኖርና ማደር በአንድ ግንድ ላይ የበቀሉ ናቸው።

3. በአውሮፓ ቋንቋዎች

ሀ. በፊደል በር። ፊንቄያውያን ሁለተኛውን ፊደላቸውን «ቤት» ይሉት ነበር፤ የፊደሉ ጥንታዊ ምልክት የቤት ሥዕል ነበርና። ግሪኮች ፊደሉን ከነስሙ ወርሰው «ቤታ» አሉት። በግሪክኛ «አልፋ» በሬ ማለት አይደለም፤ «ቤታ»ም ቤት ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ከፊደል ስምነት በቀር ትርጉም የላቸውም። ከሁለቱ ተጣምሮ የተገኘው «አልፋቤት» የሚለው ቃል በላቲን በኩል ወደ ፈረንሳይኛ፣ ወደ ጣሊያንኛ፣ ወደ ጀርመንኛና ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ስለዚህ የፊደል ገበታን በዚህ ስም የሚጠራ አውሮፓዊ ሁሉ ሳያውቀው «ቤት» ይላል። የእኛ «በ» ከደቡብ ዐረብ ጽሕፈት የመጣ የዚያው ምልክት ወንድም ነው፤ ጣራና ሁለት ምሰሶ ብቻ ያለው ቤት የሚመስለውም ስለዚህ ነው። በሀለሐመ ተራ 9ኛ፣ በአበገደ ተራ ደግሞ 2ኛ ሆኖ ይቆጠራል። በመዝሙረ ዳዊት 118ኛው መዝሙር አርእስት ላይም «ቤት» የሚለው የፊደል ስም በሁለተኛው ክፍል ላይ ይገኛል።

ለ. በመጽሐፍ ቅዱስ በር። «ቤተ ልሔም» በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በለንደን በ1247 እ.ኤ.አ. በቤተ ልሔም ስም የተመሠረተ ገዳም ኋላ የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ሆነ፤ ሕዝቡ ስሙን አሳጥሮ «ቤድላም» አለው። ዛሬ በእንግሊዝኛ «ቤድላም» ትርምስና ሁካታ ማለት ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ቤተ ልሔም ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ክፍል በመሆኑ ጥንታዊው ትርጉም ሳይዛባ ቆይቷል። አንዱ ስም በአንዱ አገር ሁከት፣ በሌላው አገር ኅብስት ሆኖ ቀረ።

ሐ. በማልታ በር። ማልታኛ በአውሮፓ ምድር የሚነገር የሴም ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ «ቤይት» ማለት የቤት ጣራ ነው፤ ቤት ራሱ «ዳር» ይባላል። ከሙሉው ወደ ክፍሉ የዞረ ትርጉም ነው።

4. ቃሉ ሌላ፣ ሐሳቡ አንድ

ከዚህ በላይ ያየነው የራሷ የቃሏ ጉዞ ነው። ቃላቸው ፍጹም ሌላ የሆነ የአውሮፓ ቋንቋዎችም ስለ ቤት የሚያስቡት ከእኛ ሐሳብ የራቀ አይደለም። በፈረንሳይኛ ቤት «ሜዞን» ይባላል፤ ይህም ቆየ፣ ሰነበተ ከሚል የላቲን ግስ ከወጣው «ማንሲዮ» የመጣ ነው። ማንሲዮ በሮማውያን መንገድ ላይ መንገደኛ የሚያድርበት ማረፊያ ነበር። «ቤተ» እና «ቤት»፣ «አደረ» እና «ማደሪያ» ያሉበትን መንገድ ሮማውያንም ተጉዘውበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቤት ወደ መስተዋድድነት የሚለወጥበት ነው። የፈረንሳይኛው «ሼ» (ዘንድ) ጎጆ ማለት ከነበረው የላቲን «ካዛ» የተገኘ ነው። የስዊድንኛው «ሁስ» (ዘንድ) ደግሞ ቤት ከሚለው ከራሱ ከስዊድንኛው ቃል ወጥቷል። በአማርኛ «በእሱ ቤት አዋቂ ነው» ስንል ሰውየው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አዋቂ ነው ማለታችን አይደለም፤ በራሱ ግምት፣ እርሱ እንደሚያስበው ማለታችን ነው። «በእሷ ቤት ተቆጥታለች» ስንልም እንደዚሁ ነው። ይህ አነጋገር ሽሙጥ ያዘለ በመሆኑ ሰዋስው ጸሐፊዎች ቸል ይሉት ይሆናል፤ ነገር ግን በየዕለቱ የሚነገር ሕያው አገባብ ነውና በ«ቤት» ሥር ራሱን የቻለ ተራ ቁጥር ይገባዋል።

ሦስተኛው የግጥም ነው። ዐረቦች የግጥምን ስንኝ «በይት» ይሉታል። ጣሊያኖች ክፍልን «ስታንሳ» ብለው በዚያው ስም የግጥምን አንጓ ይጠሩበታል። በእኛም ጉባኤ ቃና ባለ 2 ቤት፣ ዘአምላኪየ ባለ 3 ቤት፣ መወድስ ባለ 8 ቤት ቅኔ ነው። የስንኞች መድረሻ ሲገጥም «ቤት መታ» ይባላል። ትምህርቱም ራሱ ቤት ነው፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት። ከዚያም አልፎ ጎጃም የዋሸራንና የጎንጅን የቅኔ መንገድ «የዋሸራ ቤት»፣ «የጎንጅ ቤት» ብሎ ይለያል። ይህ ቤት ግድግዳም ጣራም የለውም፤ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፍ ሥርዐት ነው።

5. ለስያሜ ሠሪ

አማርኛ ከ«ቤት» ጋር የሚያጣምርባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው የግዕዝ ተራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዘክር። ሁለተኛው የአማርኛ ተራ ነው፤ ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ጠላ ቤት። ትግርኛ «ቤት ትምህርቲ» ሲል አማርኛ «ትምህርት ቤት» ይላል። በጥቅሉ ሲታይ የግዕዙ ተራ ክብርን፣ የአማርኛው ተራ የዕለት አገልግሎትን ይከተላል፤ ሆኖም ፍርድ ቤትና ምክር ቤት እንደሚያሳዩት ደንቡ የማይጣስ አይደለም። «ቤተ ሙከራ» የሚለው ስያሜ ደግሞ የአማርኛ ቅርፅ ያለውን ቃል በግዕዝ ተራ ስላጣመረ፣ «ቤተ» ዛሬ በአማርኛም ውስጥ አዲስ ስም ለመውለድ እንደምትችል ያስረዳል። ስያሜ ሠሪው ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ ለተቋሙ ደረጃ ጭምር እየሰጠ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

«ባለቤት»ንም ማስታወስ ይገባል። የንብረት ጌታ፣ የትዳር ጓደኛ፣ በሰዋስውም የዓረፍተ ነገሩ አድራጊ ነው። በሦስቱም ቦታ የሚታየው ሐሳብ አንድ ነው፤ ነገሩ የሚጠጋበት፣ የሚጠየቅበት ማለት ነው።

6. ወደ ዱርቤቴ መመለስ

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ። ለመንግሥቱ ሠራተኞች የቤት ተቋሙ ያሠራቸው ቤቶች በነበሩበት ሰፈር «ካዛ» (ሲበዛ «ካዜ») የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ከተቋሙ ምሕፃረ ቃል ከ«ኢንቺስ» ጋር ተዋሕዶ «ካዛንቺስ» የሚለውን የሰፈር ስም ተወልን። በዚያው ዘመን በጎጃምና በሌላውም ክፍለ ሀገር አርበኛው «ዱር ቤቴ» ብሎ ወጣ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ሲገቡና በዚያው ዓመት የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ሲሄድ፣ ያ ሰው ዱርን ቤቱ ካደረገ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ሁለቱም አነጋገሮች ስለ ቤት ናቸው። አንደኛው ቤት የሠራው እንግዳ ትቶልን የሄደው ስም ነው፤ ሁለተኛው ቤቱን ትቶ የሄደው የአገር ሰው የተናገረው ቃል ነው።

«ዱር ቤቴ አለ» ማለት ሸፈተ፣ ለጠላት አልገዛም ብሎ ጫካ ገባ ማለት ነው። አባባሉን እንደ ተራ ዘይቤ የሚቆጥረው ሊኖር ይችላል፤ ዱር ጣራ የለውምና። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ቤት ቤት የሚባለው ስለ ጣራው ብቻ ሳይሆን ሰው ስለሚያድርበት ነው። በዱር የሚያድር ሰው ዱርን ቤቴ ሲል የቃሏን የቆየ ትርጉም መናገሩ እንጂ ማዛባቱ አይደለም። የሊቃውንት ክርክር ያልፈታውን ዝምድና አርበኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዞት ነበር።

ስለዚህ «ዱር ቤቴ» በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከ«ዱር» ሥር ብቻ ሳይሆን ከ«ቤት» ሥርም ሊገባ ይገባዋል እንላለን። ስለ ከተማዋ ስም ደግሞ መዝገበ ቃላት ሊናገር የሚችለው የሁለቱን ቃላት ፍቺ ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደ ተናገረው የሚነግሩን የአገሩ ሽማግሎች ናቸው። ስሙ በተያያዘ ጽሕፈት ከቀጠለና ትርክቱ ሳይመዘገብ ከቀረ፣ ግሪኮች «ቤታ»ን እንደ ወረሱት የልጅ ልጆቻችንም ዱርቤቴን ትርጉም እንደሌለው ድምፅ ይወርሱታል። በየወረዳው የሚገኙ መምህራንና የቋንቋ ተማሪዎች የቦታ ስሞችን ከነአፈ ታሪካቸው እየሰበሰቡ እንዲመዘግቡ የምናሳስበውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰብሳቢው በአንድ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ፣ የቃሏን ሕያውነት ከሚመልሱለት ሰዎች አፍ ይሰማል።