የማሽላው አገዳ ቆርቁር ከየት መጣብን?

የሸዋሮቢትና የይፋት ቆላ አርሶ አደሮች! ማሽላችሁ ጉልበት ሲደርስ መሐል ቅጠሉ ብቻውን ደርቆ፣ ሳብ ስታደርጉት ተመዞ ይወጣል አይደል? አገዳውን ሰንጥቁት፣ ትሉ እዚያው ነው።

ትሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እናቱን ግን ስንቶቻችን አይተናታል? ገለባ የምትመስል ትንሽ የእሳት እራት ናት። በሌሊት ትበርና እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ደርድራ ትሄዳለች።

ከፍ ባለው አገር የሚበዛው ቆርቁር የራሳችን የአፍሪካ ነው። ቆላችንን የወደደችው፣ በሳይንስ ስሟ ኪሎ ፓርቴለስ የምትባለው ግን መጤ ናት፤ አገሯ እስያ ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በማላዊ ነው፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.። ከዚያ ቆላ ቆላውን ይዛ በምሥራቅ አፍሪካ ተዛመተች። የአገሯን ጠላቶች እዚያው ትታ ስለመጣች ደግሞ ተመቻት።

ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ መላ ፈለገ። ከፓኪስታን አንዲት ደቃቅ ተርብ፣ ኮቴሲያ ፍላቪፔስን አስመጥቶ በ1993 እ.ኤ.አ. ኬንያ ላይ ለቀቀ፤ በኋላም ሶማሊያ ላይ ተለቀቀች። ተርቧ ትሉ በቦረቦረው ቀዳዳ ገብታ እንቁላሏን ሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿ ትሉን ከውስጥ ይበሉታል። ወደ ኢትዮጵያ ማንም አላመጣትም። ግን እነ እማና ጌቱ የአገራችንን ማሳ ሲፈትሹ አገኟት! ያለ ፓስፖርት ድንበር ተሻግራ ጠላቷን ተከትላ መጥታለች። እንግዲህ ትሉ አገዳ ውስጥ ከገባ በኋላ መርጨት ትርፉ ምንድን ነው? ኬሚካሉ እሱ ጋ አይደርስም፣ ውጭ ያለችውን ተርብ ግን ይገድላል።

አሁን ወደ እኛ ጥፋት ልምጣ። አገዳ ለይፋት ሰው መኖ ነው፣ አጥር ነው፣ ማገዶ ነው፤ አቃጥሉት ብላችሁ አትሰሙኝም፣ ልክም ናችሁ። ነገር ግን ትሉ በጋውን ተኝቶ የሚያልፈው አገዳው ውስጥ ነው፤ አቁመን ስንከምረው ጥላ ሠራንለት ማለት ነው። አሰፋ ገብረ አምላክ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአገራችን ጥናት፣ አገዳው ማሳው ላይ ተጋድሞ አራት ሳምንት ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው የአገሬው ቆርቁር ከሞላ ጎደል አልቋል። የእኛ ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ቆርጣችሁ ወዲያው አትከምሩ። ታኅሣሥን ተጋድሞ ይክረም፣ ጥር ላይ ሰብስቡት። ከክምሩም አሮጌውን አስቀድማችሁ ለከብት ስጡ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይደርስ።