መስመር ሲቋረጥና ገጽ ሲዘጋ

ሰሞኑን ከአንድ የቆየ ካርቶን ውስጥ በ1997 ዓ.ም. ክረምት የያዝኩት ደብተር አገኘሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ አንድ ቁጥርና ዝናብ መኖር አለመኖሩ እንጂ ሌላ ነገር አልተጻፈበትም። ካዛንቺስ ከወላጆቼ ቤት በስልክ መስመር ኢንተርኔት እጠቀም በነበረበት ዘመን፣ ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር የመዘገብኩት ነው።

ለወጣት አንባብያን ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ነበር። ከቤቱ የሚገናኝ ሰው መንገዱ ያው ለድምፅ የተዘረጋው የመዳብ ሽቦ ነው፤ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን፣ ለሰው ንግግር የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲያሳልፍ የተበጀ። ሞደሙ የኮምፒውተሩን መልእክት ወደ ድምፅ ለውጦ በዚያው ይልካል። በማሸጊያው ላይ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ተብሎ ቢጻፍም፣ ሽቦው ጭርር ካለ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የወዲያኛውን ሞደም ድምፅ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ካጣ ግን ስልኩን ዘግቶ ይወጣል።

የእኔም በየጊዜው ይወጣ ነበር። ወቅቱን ያስታውሱ፤ የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ውጤት እያወዛገበ ነው፤ በሰኔ በአዲስ አበባ ደም ፈስሷል፤ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘግቷል፤ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻም አልተከፈተም። በእንዲህ ያለ ጊዜ መስመሩ በአንድ ምሽት ሦስቴ ሲቋረጥበት ሽቦውን የሚጠረጥር ማን ነው? አሜሪካ ለሚኖር ወዳጄ «የምጽፈውን አይተው መስመሬን እየቆረጡት ነው» ብዬ ጻፍኩለት፤ እሱም ለሌሎች አወራው። (እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሳልኮራበት አልቀረሁም።)

ደብተሩን የጀመርኩት ይህንኑ ክስ በማስረጃ ላጸና ነበር። ዊንዶውስ መገናኘት ባቃተው ቁጥር ምክንያቱን በቁጥር ይናገራል፤ 691 የመለያ ስም ወይም የይለፍ ቃል ስሕተት፣ 676 መስመሩ መያዙ፣ 678 ወዲያ በኩል የሚመልስ አለመኖሩ፣ 680 የመደወያ ድምፅ መጥፋቱ ነው። በ15 ቀን ውስጥ ደብተሩ ክሴን አፈረሰው። 680 የሚነበብባቸው ቀናት ሁሉ ዝናብ የጣለባቸው ናቸው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ግድም የደረሱት መቋረጦች ደግሞ እኅቴ መኝታ ቤት ያለውን ሁለተኛ ስልክ ከምታነሣበት ሰዓት ጋር ይገጥማሉ። ስልኩን ነቀልኩት፤ ለሳምንት ተኮራረፍን።

ቀጥሎ ሞደሙን አውጥቼ በቦታው ተራ ስልክ ሰካሁ። ጭርርታው በጆሮዬ ተሰማኝ፤ እንግዲያው ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አልነበረም። ሽቦውን ተከትዬ መሰላል ላይ ወጣሁ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ አለ፤ ናስትሮው ላልቷል፣ ውኃ ገብቶበታል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ከዓመታት በፊት ሽቦውን ወደ ክፍሌ ሳስረዝም በገዛ እጄ ያሰርኩት ነበር። ዝገቱን ፍቄ፣ አጥብቄ ገመድኩና ውኃ ወደማይደርስበት አዛወርኩት። በዚያች ማታ ዶፍ እየወረደ መስመሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመ። ለወዳጄም እያፈርኩ እውነቱን ጻፍኩለት።

ግንቦት 1998 ዓ.ም. ደረሰ። አንድ ቀን እንደወትሮው ተገናኘሁ። ፖስታዬ ተከፈተ፣ የውጭ አገር የዜና ገጾችም ተነበቡ። በብሎግስፖት ላይ ያሉት ገጾች ግን አንዳቸውም አልመጡም። እንደ በፊቱ ቢሆን ኖሮ ወዲያው በጮኽኩ፤ አሁን ግን ደብተሩን አወጣሁ። ሞደሙ ይዟል፤ ቁጥርም አልሰጠም፤ ዝናብ የለም። የረጠበ ሽቦ ከመጣ ሁሉንም ይቆርጣል እንጂ ይህን ገጽ አሳልፎ ያን አይከለክልም። ባለሥልጣናቱ በጊዜው እጃቸው እንደሌለበት አስተባበሉ፤ ኦፕንኔት ኢኒሺየቲቭ የተባለው የምርምር ቡድን ግን በኋላ ባደረገው ፍተሻ መዘጋታቸውን አረጋግጧል።

እኔ በዚያን ዕለት የማውቀው ይህን አልነበረም። የማውቀው ያንኑ ገጽ ከሌላ አገር የሚሞክርልኝ ሰው ማስፈለጉን ነበር፤ ያለኝም ያው የአሜሪካው ወዳጄ ብቻ ነው። «ብሎጎቹ ከዚህ አይከፈቱም፤ አንተ ዘንድስ?» ብዬ ላክሁለት። በማግሥቱ መልሱ መጣ፤ «ናስትሮውን አይተኸዋል?» ይላል።

የደብተሩን የመጨረሻ ሦስት ገጾች አንድ በአንድ ገልብጬ ላክሁለት።