ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ የቆየ ጎማ ለአገልግሎት ብቁ መሆኑን ስለ መለየት

በመጋዘን፣ በግቢ ወይም በተሽከርካሪ ሥር በመጠባበቂያነት ለዓመታት የቆየ ጎማ፣ መንገድ ስላልነካ ብቻ እንደ አዲስ ሊቆጠር አይገባም። ጎማ የሚያልቀው በመሽከርከር ብቻ አይደለም፤ በመቀመጥም ያረጃል። ይህ መረጃ ያስቀመጡትን ጎማ ለመግጠም፣ ቆይቶ ለሽያጭ የቀረበ ጎማ ለመግዛት ወይም ለእሽቅድምድም የተሠራ ጎማ ለመጠቀም ያሰቡ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች አስቀድመው ሊያረጋግጡ የሚገባቸውን ነጥቦች ይገልጻል።

1. ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ለምን አደገኛ ሊሆን ይችላል?

በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ወደ ጎማው አካል ቀስ በቀስ እየዘለቀ የመለጠጥ ኃይሉን ይቀንሳል። ሙቀት ይህን ሂደት ያፋጥነዋል፤ የፀሐይ ብርሃንና ኦዞን የተባለው ጋዝ ደግሞ የውጭውን ገጽ ይሰነጥቁታል። ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ከጥርሱ ሥር፣ የብረት ሽቦ ንጣፎቹን አያይዞ በያዘው የውስጥ ክፍል ላይ ነው። ይህ ክፍል ሲደርቅ ንጣፎቹ በጉዞ ላይ ሊላቀቁና ጎማው በድንገት ሊፈነዳ ይችላል። ይህ ድክመት ከውጭ ሲታይ ላይታወቅ ይችላል። ንፋስ ተሞልቶ የተቀመጠ መጠባበቂያ ጎማም አንድ ኪሎ ሜትር ሳይጓዝ ያረጃል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር በሰሬ አውራጃ አንድ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ በመውጣቱ ሹፌሩን ጨምሮ የሦስት ሰዎች ሕይወት አልፏል። የፈነዳው ጎማ ከተመረተ ከ19 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ብሪታንያም ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ የፊት አክስል ላይ እንዳይገጠም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከልክላለች።

2. የተመረተበትን ጊዜ ማንበብ

በጎማው ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ተከታታይ ፊደላትና ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ጊዜ ያመለክታሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ይገልጻሉ። ሙሉው ጽሑፍ በአንድ ጎን ብቻ ሊታተም ስለሚችል፣ በአንዱ በኩል ካልተገኘ ሌላኛውን ጎን ይመልከቱ።

ዓመቱ የተጻፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑን ያስተውሉ። ለምሳሌ «4014» ማለት እ.ኤ.አ. የ2014 40ኛ ሳምንት ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2007 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩን እንደ 2014 ዓ.ም. የወሰደ ገዢ ጎማውን ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባት ዓመት አሳንሶ ይገምታል። ሳምንቱ ከ01 እስከ 36 ገደማ ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8፣ ከ38 እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከሆነ ደግሞ 7 በመቀነስ የኢትዮጵያን ዓመት ማግኘት ይቻላል። 37ኛው ሳምንት አዲስ ዓመት የሚገባበት ወቅት ነው።

መጨረሻው ላይ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ያሉት ጎማ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተመረተ በመሆኑ ለአገልግሎት አይውልም።

3. በዓይንና በእጅ የሚደረግ ምርመራ

ዕድሜው ከታወቀ በኋላ ጎማው ታጥቦና ደርቆ በበቂ ብርሃን ይመርመር። ማንጸባረቂያ ቅባት የተቀባ ጎማ ስንጥቁ ሊሸፈን ስለሚችል ቅባቱ እስኪለቅ መታጠብ አለበት። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ጎማውን መግጠም አይገባም፦

• በጎኑ ወይም በጥርሶቹ መካከል የሚታይ ስንጥቅ፤
• እብጠት ወይም የተላቀቀ ንጣፍ፤
• የወጣ ሽቦ፣ ወይም በቸርኬው ላይ በሚያርፈው ጠርዝ ላይ የሚታይ ዝገትና መቆረጥ፤
• በነዳጅ ወይም በዘይት ምክንያት የለሰለሰ ወይም ያበጠ ገጽ፤
• ለረጅም ጊዜ ክብደት ተሸክሞ በመቆሙ የተፈጠረና የማይመለስ ጠፍጣፋነት።

ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ውስጡም በጎሚስታ ባለሙያ ሊታይ ይገባል። ሆኖም ምንም ጉድለት አለመታየቱ ያረጀን ጎማ ደህና አያደርገውም፤ ለዚህም ነው ከመልኩ አስቀድሞ ዕድሜው የሚጠየቀው።

4. ውሳኔ አሰጣጥ

• ከ5 ዓመት በታች፦ በአግባቡ የተቀመጠና ጉድለት የሌለበት ከሆነ ሊገጠም ይችላል።
• ከ5 እስከ 10 ዓመት፦ በባለሙያ ሳይመረመር አይገጠም፤ ከተገጠመም በኋላ ቢያንስ በየዓመቱ ይመርመር። አንዳንድ የተሽከርካሪ አምራቾች በ6 ዓመት እንዲቀየር ስለሚያዝዙ የተሽከርካሪውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ያስፈልጋል። ሙቀት በሚበዛባቸው ቆላማ አካባቢዎች የሚሠሩ ወይም ሰውና ከባድ ጭነት የሚያጓጉዙ ከሆነ መተው ይመረጣል።
• ከ10 ዓመት በላይ፦ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ ጨርሶ ያልተገጠመ ቢሆንም ለአገልግሎት አይውልም።
• የተመረተበት ጊዜ የማይነበብ ወይም የተፋቀ፦ ዕድሜውን ማረጋገጥ ስለማይቻል አይገዛ፣ አይገጠም።

ተሽከርካሪው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፉ፣ ከዚያ በኋላ ለሚገጠም ጎማ ማረጋገጫ አይሆንም።

5. ለእሽቅድምድም የተሠሩ ጎማዎች

የእሽቅድምድም ጎማ መንገዱን አጥብቆ እንዲይዝ ከለስላሳ ውህድ ይሠራል። ይህ ልስላሴ በጊዜ ብዛትና በተደጋጋሚ መሞቅና መቀዝቀዝ ይጠፋል፤ የደረቀ ጎማ በመታጠፊያና በፍሬን ጊዜ ይንሸራተታል። የውህዱን ጥንካሬ ዱሮሜትር በተባለው መሣሪያ ለክቶ አምራቹ ካስቀመጠው መጠን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ነገር ግን መሣሪያው የሚለካው የላይኛውን ገጽ እንጂ የውስጥ ንጣፎቹን መያያዝ አይደለም። በመሆኑም ልኬቱ ጥሩ መሆኑ ያረጀ ጎማን በከፍተኛ ፍጥነት ለመንዳት ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ፍጥነት ሲጨምር ሙቀቱም ንጣፎቹን የሚገነጥለው ኃይልም ይጨምራልና።

ጥርስ የሌለው የእሽቅድምድም ጎማ ውሃ የሚያስወግድበት ቦይ ስለሌለው አዲስ ቢሆንም እንኳ ለሕዝብ መንገድ አልተሠራም። በዝናብ ጊዜ ተሽከርካሪው በውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ ያደርጋል።

6. አቀማመጥ

ጎማ በቀዝቃዛ፣ ደረቅና ጨለማ ስፍራ፣ ከነዳጅና ከዘይት ርቆ ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ ሞተርና የብየዳ ሥራ ኦዞን ስለሚያመነጩ በአቅራቢያቸው አይከማች። ፀሐይ የሚያግለው የቆርቆሮ ቤትና ኮንቴይነር ለረጅም ጊዜ ማከማቻነት ተስማሚ አይደለም። ከቸርኬ የወለቀ ጎማ ቀጥ ብሎ በጥርሱ ላይ ይቁም፣ በየወሩም ይዙር፤ ከቸርኬ ጋር ያለ ደግሞ ይሰቀል ወይም በጎኑ ይደርደር። መልካም አቀማመጥ እርጅናን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም።

7. ከአገልግሎት ውጭ የሆነ ጎማ

ለአገልግሎት የማይበቃ ጎማ ተመልሶ ገበያ ላይ እንዳይውል ጎኑ ይቆረጥ፤ በረባሶና ሌሎች ዕቃዎችን ለሚሠሩ ባለሙያዎች ሊሰጥ ይችላል። ጭሱ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ጎማ ማቃጠል አይገባም። ያረጀን ጎማ ጉድለቱን ሳይገልጹ ለሌላ ሰው መሸጥ አደጋውን ወደ ሌላ ቤተሰብ ማስተላለፍ ነው።

ተገልጋዮች ጎማ ሲገዙ ከክፍያ በፊት አራቱን ቁጥሮች ራሳቸው እንዲያነቡና በደረሰኙ ላይ እንዲመዘገቡ እንዲጠይቁ ይመከራል።