ራስ ቻይ ጌም

ኢንዲ ጌም የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ገንዘብ ሳያፈስበትና ሳያዝበት፣ አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በራሳቸው ሐሳብና ወጪ የሚሠሩት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። «ነጻ ጌም» ብንለው ሰሚው አስቀድሞ የሚያስበው የማይከፈልበትን ነው። ጃፓናዊው ዳይሱኬ አማያ አምስት ዓመት ብቻውን ደክሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው «ኬቭ ስቶሪ» በሁለቱም ፍቺ ነጻ ነበር፤ ያለ አዛዥ ሠራው፣ ያለ ዋጋም ሰጠው። አብዛኞቹ ግን ይሸጣሉ። ስለዚህ «ራስ ቻይ ጌም» ቢባል ይሻላል። ራሱን የቻለ ሰው የሚያዘው የለም፣ ወጪውን የሚሸከምለትም የለም።

የወጪው ነገር በደንብ የሚታየው በ«ስታርዲው ቫሊ» ነው። አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ እጁን ለማፍታታት ብሎ በልጅነቱ የሚወደውን «ሃርቨስት ሙን» የተባለ የጃፓን የእርሻ ጌም የሚመስል ነገር ጀመረ። ኮዱን ጻፈ፣ ሥዕሉን ሣለ፣ ሙዚቃውን ደረሰ፣ የመንደሩን ሰዎች ንግግር ሳይቀር ራሱ አዘጋጀ። አራት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጀበት። በዚያ ጊዜ ሲያትል ውስጥ በአንድ ቲያትር ቤት በትርፍ ሰዓት አስተናጋጅ ነበር፤ የቤቱን ወጪ በአመዛኙ የቻለችው ግን የፍቅር ጓደኛው ናት። «ብቻውን ሠራው» ሲባል እሷ ትዘለላለች፤ እኔ ይህን አልወደውም።

ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 2016 ነው። ተጫዋቹ የከተማ ቢሮውን ትቶ የአያቱን እርሻ ይረከባል። እያንዳንዱ ወቅት 28 ቀን ነው፤ ወቅቱ ሲለወጥ ካልተሰበሰበው ሰብል አብዛኛው ይደርቃል። በአራት ቀን የሚደርስ ሥራ ሥር አለ፤ የአንኮበር የገብስ ገበሬ ይህን ቢያይ መሳቁ አይቀርም። ቢሆንም ድካም ይቆጠራል፣ ዝናብ የጣለ ዕለት ውኃ ማጠጣት ይቀራል፣ ጎረቤትን ሳይጠይቁ መክረምም ወዳጅነትን ያቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሽያጩ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ ማለፉ ተነገረ። በዚያው ዓመት የወጣውን ትልቅ ማሻሻያ በ2016 የገዛው ሰው ሳንቲም ሳይጨምር አገኘው።

ከዚያ በኋላ የእርሻ ጌም እንደ አሸን ፈላ። ብዙዎቹ ማሳውንና ዶሮውን ብቻ ቀዱ። ከሁሉ ወራሽ የምለው «ኮራል አይላንድ»ን ነው፤ የኢንዶኔዥያው ስቴርዌይ ጌምስ የአገሩን ደሴት፣ ባሕሩንና ኮራሉን አስገባበት። እኛም ዘንድ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል፤ በ«ኩኩሉ» ደግሞ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ታስሮጠናለች። ቅኔ ኩባንያ ነው እንጂ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መንገዱ ግን ያው ነው፦ ከሚያውቁት መነሣት።

ከሚያውቁት ለመነሣት አንኮበር አጠገብ ያለችው አሊዩ አምባ ሀብታም ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ጠረፍና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ቆላውን አቋርጦ ወደ ሸዋ የሚገባባት በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስም በዚሁ መንገድ ወጥቷል። አርብ ገበያ ይቆም ነበር፤ ከደጋ እህልና ማር፣ ከውጭ ዶቃ፣ ብረትና ባለቀለም ክር ይመጣ ነበር፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና ሐረሬው ይገናኙ ነበር። በየሣምንቱ የሚለዋወጥ ዋጋ፣ የሚደክም ግመል፣ ሊዘጋ የሚችል መንገድ፣ ቋንቋውን ያላወቁት ሻጭ፤ ለጌም ሠሪ ከዚህ የተመቸ ነገር ከየት ይመጣል? በእርግጥ ያ ንግድ ባሪያም ይሸጥበት ነበር። ይህን ደብቆ የሚሠራ ጌም ውሸት ይሆናል።

የአሊዩ አምባና የአንኮበር ልጆች፣ በፕሌይስቴሽን ቤት የሌላውን አገር ኳስ ከመጫወት ጎን ለጎን ይህንን ገበያ ጌም ለማድረግ ሞክሩ። ጎዶት የሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በመጠነኛ ኮምፒውተርም ይሠራል። መላውን የሲራራ መንገድ አትመኙ፤ አንድ አርብ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ነጋዴ ይበቃል። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ይህን ሲሠራ ራቱን አትንፈጉት።