የደጋው ሰው ደስታ፤ ሥዕል፥ አትክልት፥ መንገድና ፎቶግራፍ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ

የአገር ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ንጉሥ የነገሠበትና የሞተበት ዓመት፥ ጦርነት የተደረገበት ሜዳና የተፈረመው ውል ነው። ይህን መማር ተገቢ ነው፤ እኛም በየክፍሉ ተምረነዋል። ነገር ግን ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሲዋጋና ሲሟገት አይኖርም። ሥራውን ፈጽሞ የሚያርፍበት፥ ለሆዱ ሳይሆን ለልቡ የሚደክምበት ጊዜ አለው። አንዱ ሥዕል ይሥላል፤ አንዱ በጓሮው አበባ ይተክላል፤ አንዱ አገር ለማየት ይሄዳል፤ በዛሬው ዘመን ደግሞ ሁሉም ፎቶግራፍ ያነሣል። የትምህርት ቤታችን በዓል ምክንያት ሆኖ በዚህ መታሰቢያ መጽሔት እንድንጽፍ በተፈቀደልን ጊዜ፥ እነዚህ የዕለት ደስታዎች በትውልድ አገራችን በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ምን ታሪክ እንዳላቸው ልንመረምር አሰብን።

አሳባችንን የሰማ አንድ የክፍል ጓደኛችን፥ «በመንዝ ብርድና ገብስ እንጂ ምን ደስታ አለ?» ብሎ ሳቀብን። እኛም አልተቀየምነውም፤ እንዲህ የሚያስበው እርሱ ብቻ አይደለምና። እንደሚታወቀው መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለ ደጋ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ግሼ አለ፤ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ፥ ጀማ ወንዝ ወደሚወርድበት ገደል ሲቃረቡ ደግሞ መርሐቤቴ ይገኛል። ገብስ የሚበቅልበት ውርጭ ምድርና ማሽላ የሚበቅልበት ቈላ እንዲህ ጎረቤታሞች ናቸው። ብርዱና ገደሉ እውነት ነው። ደስታ የለም ማለት ግን ስሕተት መሆኑን ከዚህ በታች እናሳያለን።

ከሥዕል እንጀምር። በአገራችን የሥዕል ቤቱ ለረጅም ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ገበሬው በበዓል ቀን ሊሳለም ሲሄድ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ላይ፥ እመቤታችንን ልጇን ታቅፋ አይቶ፥ ልቡ ረክቶ ይመለስ ነበር። ሠዓሊው ብዙውን ጊዜ ስሙን ሳይጽፍ ያልፋል፤ ለክብሩ የሠራው አይደለምና። ይሁን እንጂ ገበሬው ራሱ፥ በሬውና የሣር ክዳን ቤቱ ሥዕል ይሆናሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አልነበረም።

ይህን የኑሮ መልክ በብዛት የሣለው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። ከመንዝ በስተደቡብ ያለችው አንኮበር፥ ከመንዝ የተነሡት የነጋሢ ክርስቶስ ዘሮች የሸዋ ነገሥታት ሆነው የተቀመጡባት ከተማ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1841፥ በሐሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ጓድ ወደዚያ ደረሰ። ከጓዱ ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊና ዮሐንስ ሮት የሚባል የተፈጥሮ ሊቅ ነበሩ። አንዱ ተራራውንና ሰዉን ሲሥል፥ ሌላው የአገሩን ዕፀዋትና እንስሳት ይመረምር ነበር። የበርናትዝ ሥዕሎች በ1852 ለንደን ላይ በመጽሐፍ ታተሙ። ዛሬ የዚያን ዘመን የሸዋ ደጋ ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት የሚፈልግ ሰው ወደዚህ መጽሐፍ ይሄዳል። የንጉሡን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ዘመን በደጋው ያርስና ይፈትል የነበረው ተራ ሰው ግን ማን ይባል እንደ ነበር የሚነግረን የለም። መልካችን ተጠብቆልናል፤ ስማችን ግን ቀርቷል።

ከዚህ በኋላ ዘጠና ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ1925 ዓ.ም. በዚያችው በአንኮበር አፈወርቅ ተክሌ ተወለዱ። ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ታስቦ ነበር፤ ልባቸው ግን ወደ ሥዕል ስላዘነበለ በለንደን ሥነ ጥበብን ተምረው ተመለሱ። በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የሥዕል ትርኢታቸውን ለሕዝብ አሳዩ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመስታወት ሥዕላቸው ዛሬም በዓለም የታወቀ ነው። በ2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ልጃቸው ደብተሩ ጠርዝ ላይ ሲሥል ያገኙ ወላጆች ከመቈጣታቸው በፊት ይህን ታሪክ ቢያስታውሱት መልካም ነው። በእንግዳ እጅ የተሣለችው አንኮበር፥ የራሷን ሠዓሊ ያገኘችው አንድ ወጣት ደስ የሚለውን ሥራ እንዲይዝ ስለ ተተወለት ነውና።

ሥዕል ሲባል ግን በብሩሽና በቀለም የሚሠራው ብቻ አይደለም። የመንዝ በግ ጠጕር በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ሴቶች ጠጕሩን ያባዝታሉ፥ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ከርሱም ባናና ዝተት፥ በርኖስም ይወጣል። አያታችን እሳት ዳር ተቀምጠው ሲፈትሉ ጥቁሩን ከቡናማው፥ ቡናማውን ከነጩ ለይተው በየቁናው ያስቀምጣሉ። «ይህ ሁሉ መለየት ለምንድር ነው? ብርድ እንደሆን ሁሉም ይከላከላል» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ዐይንም ይበርደዋል እኮ» አሉን። ከዚህ የበለጠ የሥነ ጥበብ ትምህርት በክፍል ውስጥ አልሰማንም።

አትክልትን በተመለከተ መርሐቤቴና መንዝ አንድ አይደሉም። ወደ ቈላው ሲወርዱ ጌሾውና ሎሚው፥ በርበሬውም በየጓሮው ይበቅላል። በላይኛው መንዝ ግን ውርጩ ስለሚያቃጥለው ጓሮ የምትይዘው ጐመንና ነጭ ሽንኩርት፥ አጥሩም ሥር ጤና አዳምና አሪቲ ነው። ጤና አዳም ለመድኃኒትና ለቡና ነው ይባል እንጂ፥ እናቶቻችን በዚያ ሲያልፉ ቅጠሉን ቀጥፈው ማሽተታቸው ለደስታ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም ዛሬ ዛፍ ባጣው ደጋ ላይ ለብዙው ቤት ጥላ፥ ማገዶና ማገር ሆኗል።

የመንዝ ሰው ትልቁ አትክልት ቦታ ግን በጓሮው አይደለም፤ ጓሳ ነው። ይህ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የሣር ምድር ጅብራ የሚበቅልበት፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች በፈረስ ሩጫ ወሰን ተካለው እንዳቀኑት በአፈ ታሪክ ይነገራል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። የተመረጠ አለቃ ተሹሞ፥ ምድሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ከደረሰ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ሕዝቡ ያጭዳል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ይሆናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ ምድሩም ያለ ጠባቂ ቀርቶ ተጐዳ። ከዚያ በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በየቀበሌው ተመካክሮ፥ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን እንደገና ያዘ። ዛሬ ቀይ ቀበሮን ለማየት ከውጭ አገር ሰዎች የሚመጡት ስለዚህ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ያማረ ነገር ጠባቂ ከሌለው ብዙ ዘመን ቢቈይም በጥቂት ዓመታት ሊጠፋ ይችላል።

ስለ መንገድ ስንጠይቅ ሽማግሌዎቹ፥ «ለመንሸራሸር ማን ይሄድ ነበር?» አሉን። ሰው የሚሄደው ለገበያ፥ ለሙግት ወይም ለንግሥ ነበር። ነገር ግን ጠጋ ብለን ስንጠይቃቸው፥ ገበያ መሄድ ማለት አህያ እየነዱ ከባልንጀራ ጋር መጫወት፥ ንግሥ መሄድ ማለት የማያውቁትን ወንዝ መሻገርና በሰው ቤት በእንግድነት ማደር እንደ ነበር ፈገግ እያሉ ነገሩን። ደስታው በጉዳዩ ውስጥ ተሸሽጎ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

እንግዶችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ በመንዝ በኩል ወደ ሰሜን ሄዷል፤ ወሎ ሲደርስ ቢዘረፍም ያየውን ጽፎ አቈይቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ አጥንቷል፤ «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፉም እንደ ፈረንጆች በ1965 ታተመ። እኛም ለበዓል ወደ ቤታችን ስንመለስ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርገን በአውቶቡስ እንሄዳለን። ክራፕፍ በበቅሎ ብዙ ቀን የደከመበትን አገር በአንድ ቀን እናቋርጠዋለን፤ ከመስኮቱ ግን እምብዛም አናይም። እርሱ በየማታው የጻፈውን ያህል ከመካከላችን በዓመት የጻፈ የለም።

በመጨረሻ ወደ ፎቶግራፍ እንመጣለን። በፓሪስ የዳጌር የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም የተገለጠው እንደ ፈረንጆች በ1839 ነው፤ ክራፕፍና ባልንጀራው ኢዘንበርግ ሸዋ የገቡትም በዚያው ዓመት ነበር። ይህ ጥበብ በአገራችን ቤተ መንግሥት ሥር የሰደደው ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የነገሥታትና የመኳንንት ነበረ፤ ወደ ገጠሩ ጎጆ የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው።

አያታችን የባላቸው ፎቶግራፍ የላቸውም። አያታችን አባባ በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሡም። መልካቸውን የምናውቀው አጎታችንን እያሳዩ፥ «በግንባሩ እርሱን ነው» ስለሚሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት እኛና እኅታችን ለገና ስንሄድ አያታችንን በስልክ ብዙ ጊዜ አነሣናቸው፤ ሲፈትሉ፥ ጐመን ሲቀጥፉ፥ በርኖስ ደርበው በደጃቸው ቆመው። እርሳቸውም እየሳቁ ታዘዙልን። ነገር ግን ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ ወንዝ ስንሻገር ስልኩ ከኪሳችን ወድቆ በውኃው ሄደ፤ ፎቶግራፉም ሁሉ አብሮት ጠፋ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥነውም ነበር።

ዘንድሮ ሄደን እያፈርን ይህን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ታዲያ ስልካችሁ በጠፋ ቍጥር እኔም አብሬ ልጠፋ ነው? በወረቀት አድርጉልኝና ከግድግዳው ላይ ስቀሉት» አሉን። ልክ ነበሩ። እንደገና አነሣናቸው፤ ደብረ ብርሃን አሳትመን ላክንላቸው። ከጀርባውም ስማቸውን፥ የአባታቸውን ስም፥ የመንደሩን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በቀለም ጻፍንበት። በበርናትዝ ዘመን ለኖሩት አያቶቻችን ያልተደረገላቸው ይህ ነበርና።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ! ከዚህ ትንሽ ምርምር ያገኘነው ፍሬ ይህ ነው። የዕለት ደስታ ዋዛ አይደለም፤ ሕዝብ ምን ይወድ እንደ ነበረ፥ ማን እንደ ነበረም ይመሰክራል። እንግዶች የእኛን አገር ሥለውና ጽፈው ስላቈዩልን ልናመሰግናቸው ይገባል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ሌላ እስኪጽፍልን መጠበቅ አይገባንም። የጓሳን ሣር ሕዝቡ ራሱ እንደ ጠበቀው፥ የየቤታችንን ታሪክ የምንጠብቀው እኛ ነን። ስለዚህ ከእኛ በኋላ በእነዚህ ክፍሎች የምትቀመጡ ተማሪዎች፥ ለዕረፍት ስትሄዱ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ምን ደስ ይላቸው እንደ ነበር ጠይቁ፤ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከጀርባው ስም ጻፉበት። ለዚያ ለሳቀብን ጓደኛችንም አሁን መልስ አለን፤ በመንዝ ብርድም ገብስም አለ፤ ዐይን እንዳይበርደው ደግሞ ጥቁሩን ከነጩ የሚለዩ እናቶች አሉ።